የሞዴልነት ሽልማት ተቀብሎ ሼድ ላይ መቆየት ይቻላል?
ስምንት ሆነን ተደራጅተን በመንግሥት ሼድ (ለተደራጁ በሚሰጠው የመሥሪያ ቦታ) የብረት በርና መስኮት እንሠራለን። ዘንድሮ ወረዳችን ለሞዴል ኢንተርፕራይዝነት አጨን፤ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ክሊራንስ (ግብር መክፈላችንን የሚያረጋግጥ ወረቀት) እና የኦዲት ሪፖርት አስገባን። ጣጣው ከኦዲቱ መጣ፤ ካፒታላችን 1.9 ሚሊዮን ብር ሆኖ ወጣ። በ2003ቱ የጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች ስትራቴጂ የአነስተኛ ኢንዱስትሪ የካፒታል ጣሪያ ሕንፃን ሳይጨምር 1.5 ሚሊዮን ብር ተብሎ ተቀምጦ ነበር። የወረዳው ባለሙያም ይህን ይዞ «ከሽልማቱ ጋር ወደ መካከለኛ ትሸጋገራላችሁ፣ ሼዱንም ታስረክባላችሁ» አለን። ካፒታል የተባለው ግን አብዛኛው ጥግ ላይ የተደረደረ፣ ዋጋው ሰማይ የነካ የብረት ላሜራና ቱቦላሬ ነው እንጂ እጃችን ላይ ያለ ብር አይደለም። ኪራይ ቤት ብንገባም ለማሽኖቻችን የሚሆን ስሪ ፌዝ (ባለ ሦስት መስመር) መብራት እስኪገባልን ሥራ ይቆማል። ለወረዳው ኃላፊ ስናመለክት «ዋንጫ የሚሸሽ አይቼ አላውቅም» ብሎ ሳቀብን። ይህን ያለፋችሁበት ካላችሁ፣ ሽግግሩን አዘግይቶ ሽልማቱን ብቻ ለመቀበል ማመልከቻው ለየትኛው አካል ነው የሚገባው?