ካራ ሃልትግሪን፦ የኋላው ተርፎ አብራሪዋ ለምን ሞተች?

የሶስና አባት፦
ጤና ይስጥልን። ልጄ 15 ዓመቷ ነው፤ የጦር ጄት አብራሪ ካልሆንኩ ብላ የክፍሏን ግድግዳ በኤፍ-14 ፎቶ ሞልታዋለች። ትናንት እራት ላይ ጉርሻዋን በእጇ እንደያዘች «አባዬ፣ ካራ ስትሞት ከኋላዋ የነበረው መኮንን እንዴት ተረፈ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ካራ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የኤፍ-14 አብራሪ ነበረች፤ በ1994 እ.ኤ.አ. አብርሃም ሊንከን በተባለው አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ ልታርፍ ስትል ነው አደጋው የደረሰው። የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።

ጡረተኛው መካኒክ፦
ወንድሜ፣ ለማረፍ ስትታጠፍ የማረፊያውን የመሐል መስመር አለፈችው። ለማስተካከል የግራውን ፔዳል ስትረግጥ አፍንጫው ወደ ጎን ዞረ፤ ወደ ግራው ሞተር የሚገባው አየር ተዛባና ሞተሩ ጉልበት አጣ። ቲኤፍ30 የሚባለው ይህ ሞተር በዚህ ጠባዩ ድሮም ይታማ ነበር። የቀኙ ብቻ በሙሉ ኃይል ሲገፋ አውሮፕላኑ ወደ ግራ ተገለበጠ።

ሐና ዘሳንዲያጎ፦
የልጅዎ ጥያቄ መልሱ 0.4 ሰከንድ ነው። የኋላው መኮንን የመውጫውን እጀታ ሲስብ መጀመሪያ የሚወነጨፈው የእሱ ወንበር ነው፤ የአብራሪዋ ይከተላል፤ አየር ላይ እንዳይጋጩ። በዚያች ቅጽበት ግን አውሮፕላኑ ከ90 ዲግሪ በላይ ዞሮ ስለነበር እሷን የወረወራት ወደ ባሕሩ ነው። አስከሬኗ ከሳምንታት በኋላ ሲወጣ ከወንበሩ ጋር እንደታሰረች ነበረች። «የተከሰከሰችው ሴት ስለሆነች ነው» ሲሉ ስሰማ እስካሁን ያንገበግበኛል።

የሶስና አባት፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ እህቴ። ዛሬ ማታ በሁለት ማንኪያ አሳያታለሁ።