ሰማያዊ ጽጌረዳ እምቢ አለኝ፤ ቀዮቹ ላይ ምን አጠፋሁ?

ችግኝ አፍይው (ድሬዳዋ፣ ከዚራ)

ሰላም ለሁላችሁ። እንጀራዬ ችግኝ ነው፤ የተዳቀለ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ቡገንቪሊያ፣ ጽጌረዳ አፈላለሁ፣ እሸጣለሁ። የድሬን ፀሐይ ታውቃላችሁ፤ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ሰው ከቤት አይወጣም። እኔ ያን ሰዓት ማንጎው ጥላ ሥር ተቀምጬ አኒማል ክሮሲንግ ኒው ሆራይዘንስ የሚባለውን የቪዲዮ ጨዋታ እጫወታለሁ፤ በራስህ ደሴት ላይ አበቦችን ጎን ለጎን ተክለህ እያጠጣህ ታዳቅላለህ። መጫወቻ መሣሪያውን፣ ስዊቹን፣ አክስቴ ናት ከጅቡቲ ያመጣችልኝ። ጓደኞቼ «ጠዋት አበባ፣ ቀን ደግሞ አበባ፣ አይሰለችህም?» ይሉኛል። አይሰለቸኝም።

አሁን የምፈልገው ሰማያዊ ጽጌረዳ ነው። ደንበኛ መጥቶ «ሰማያዊ የለህም?» ሲለኝ «እንደሱ የሚባል ጽጌረዳ የለም» እላለሁ። ጨዋታው ውስጥ ግን አለ፤ ስለዚህ ቢያንስ እዚያ በገዛ እጄ ላወጣው እፈልጋለሁ።

ያደረግኩት ይኸው፦ ከሱቅ በገዛሁት ዘር ቀይ ከቢጫ አዳቀልኩ፣ ብርቱካናማ ወጣ። ነጭ ከነጭ አዳቀልኩ፣ ብዙ ቆይቶ ወይን ጠጅ ወጣ። ብርቱካናማውን ከወይን ጠጁ ሳዳቅል ደግሞ ቀይ ተወለደ። ያንን ቀይ ከመሰሉ ጋር ማዳቀል ነው የቀረህ ተባልኩ። ቦታ ስለጠበበኝ ቀዮቼን በሙሉ፣ 12 ይሆናሉ፣ ወንዙ ዳር አንድ መደብ ላይ ሰበሰብኳቸው። አራት ወር ሙሉ አንድ ቀን ሳላዛንፍ አጠጣሁ። ቀይ ይወጣል፣ ጥቁር ይወጣል፣ ሮዝ ቀለም ይወጣል፣ አንዳንዴ ነጭ። ሰማያዊ ግን የለም። ምኑ ላይ ነው የሳትኩት?

የባዮሎጂ መምህርት (ሐረር)

አቦ፣ አራት ወር! መልሱን እኮ ራስህ ጽፈኸዋል፦ «ቀዮቼን በሙሉ»።

ከሱቅ የገዛኸው ቀይና ከብርቱካናማው የተወለደው ቀይ ለዓይን አንድ ናቸው፣ ውስጣቸው ግን ሌላ ነው። በዚህ ጨዋታ ጽጌረዳ አራት ጂን አለው፤ ሌሎቹ አበቦች ሦስት ሦስት ናቸው፣ ለዚህ ነው ጽጌረዳ ከሁሉም የሚከብደው። ሰማያዊ እንዲወለድ ልጁ የቢጫውን ጂን ከእናትም ከአባትም መውረስ አለበት። የሱቁ ቀይ ያ ጂን ፈጽሞ የለውም። ከእሱ ጋር ያዳቀልከው ምንም ይሁን ምን፣ በዚያው ትውልድ ሰማያዊ አይወለድም። አሥር ዓመት ብታጠጣም።

መደባለቃቸውን በምን አወቅሁ? በሮዙ። ትክክለኛዎቹ ሁለት ቀዮች ሲዳቀሉ ጥቁር ይወጣል፣ ነጭ ይወጣል፣ ሮዝ ቀለም ግን በፍጹም አይወጣም። ከሦስቱ የሱቅ ዘሮች ሮዝ የሚያመጣውን ጂን የያዘው ቀዩ ብቻ ነው። እዚያ መደብ ላይ ሮዝ ካየህ የሱቅ ቀይ ገብቷል ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ፣ ይሄኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ከብርቱካናማና ከወይን ጠጅ የሚወለዱት ቀዮች ራሳቸው ሁሉም ልክ አይደሉም። ከሚወለዱት ልጆች ግማሹ ቀይ ነው፤ ከቀዮቹም ቢጫውን ጂን የያዘው ግማሹ ብቻ ነው። አንተ በሥራህ የምታውቀው ነው፤ ከዘር የበቀሉ ሁለት ማንጎዎች ቅጠላቸው አንድ ሆኖ ፍሬያቸው ሲለያይ አላየህም? እንደዚያው ነው።

እንዲህ ፈትሻቸው። አሁን ያሉትን ቀዮች ተዋቸውና ብርቱካናማውን ከወይን ጠጁ ጋር እንደገና አዳቅል። የተወለደውን እያንዳንዱን ቀይ በአካፋ አንሥተህ ለብቻው ትከለው፣ በስምንቱም አቅጣጫ ሌላ ጽጌረዳ አይጠጋው። ቱሊፕ ወይም ፓንዚ ቢጠጋው ግን ችግር የለም፣ ከሌላ ዘር ጋር አይዳቀልም። ብቻውን ያለ አበባ ሲጠጣ ራሱን ይደግማል፤ ቅጂው በጂን ቁርጥ እሱን ነው። ቅጂው ሲያብብ ሁለቱ ይዳቀሉ። ከልጆቻቸው መካከል ብርቱካናማ ወይም ቢጫ ከታየ ያ ቀይ ትክክለኛው ነው። ከሦስት ልጅ አንዱ ገደማ እንደዚያ ስለሚሆን ብዙ አያስጠብቅህም። ቀይ፣ ጥቁር፣ ነጭና ወይን ጠጅ ብቻ እየደጋገመ ከወለደ ተወው።

ትክክለኞቹን ካገኘህ በኋላ ዕድልህ ከ64 አንድ ነው። ከአራቱ ጂኖች በሦስቱ ሁለቱም ወላጆች ትክክለኛውን መስጠት አለባቸው (አራተኛው፣ ሮዝ የሚያመጣው፣ በሁለቱም ስለሌለ አያሳስብም)፤ እያንዳንዱ ከአራት አንድ፣ አራት ጊዜ አራት ጊዜ አራት። ነጭ ከነጭ ወይን ጠጅ እስኪሰጥህ የቆየኸውም በዚሁ ሒሳብ ነው፣ እሱ ግን ከአራት አንድ ብቻ ነበር። ሜንደል በአተር ያየውና እ.ኤ.አ. በ1866 ያሳተመው ይኸንኑ ነው፤ እኔ ተማሪዎቼን በጽጌረዳ ነው የማስተምረው፣ ቶሎ ይገባቸዋል።

ለደንበኞችህም እንዲህ በላቸው፦ ጽጌረዳ ሰማያዊ የሚያደርገውን ዴልፊኒዲን የሚባል ቀለም በተፈጥሮው አይሠራም። ሰንቶሪ የተባለ የጃፓን ኩባንያ ከፓንዚ የተወሰደ ጂን አስገብቶ እ.ኤ.አ. በ2009 ለገበያ አቅርቧል፤ እሱም ቢሆን ለዓይን ወደ ወይን ጠጅ ያደላል።

የሳቢያን ልጅ (ድሬዳዋ)

መምህርቷ ጨርሳዋለች፣ እኔ ስለ ማጠጣቱ ልጨምር። ብቻህን ስታጠጣ አበባው የሚወልድበት ዕድል በቀን 5 በመቶ ነው፤ ሳይወልድ ሲቆይ ቀስ እያለ ይጨምራል። ከሌላ ደሴት የመጡ 5 ሰዎች ሲያጠጡልህ ግን እስከ 80 በመቶ ይደርሳል። ኢንተርኔት አያስፈልግም፣ ስዊቾቹ አንድ ክፍል ውስጥ ከሆኑ እርስ በርስ ይገናኛሉ። እኔና እህቴ ሁለት አለን፣ የአጎቴም ልጆች አላቸው። ከዚራ ሩቅ አይደለም፣ እንመጣልሃለን።

ሰዓትህንም እየው። እኔ መጀመሪያ ስዊቹን በእኛ አቆጣጠር ነበር የሞላሁት። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ስከፍተው ደሴቱ ድቅድቅ ጨለማ፣ ሱቁ ዝግ። የጨዋታው ቀን የሚለወጠው በእኛ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው፤ የእኔ ግን ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ይለወጥ ነበር። ጠዋት ያጠጣሁት ለትናንት እየተቆጠረ ግራ ሲያጋባኝ ከረመ።

የጀጎል ልጅ (ሐረር)

እኔ ምንም ሳልፈትሽ አግኝቻለሁ። ከብርቱካናማው የተወለዱትን ቀዮች እንደ ዳማ ጠጠር በሰያፍ ደርድሬ ማጠጣት ብቻ። ይኼ ሁሉ ፈተና ምን ያደርጋል?

የባዮሎጂ መምህርት (ሐረር)

እንኳን ደስ አለህ፣ ግን ዕድል ረድቶሃል። ሳትፈትሽ ሁለት ቀይ ብታጣምር ሁለቱም ትክክለኛ የመሆናቸው ነገር ከአራት አንድ ነው። እሱ አራት ወር አጥቷል፣ ሌላ አራት ወር እንዲያጣ አልፈልግም። በሰያፍ መደርደሩ ግን ጥሩ ነው፤ ለሚወለደው ባዶ ቦታ ይተርፋል። እና ችግኝ አፍይው፣ ሰማያዊው ሲወለድ አንድ ይበቃሃል። ለብቻው ትከለው፣ ራሱን ይደግማል፤ ሰማያዊ ከሰማያዊ ደግሞ ሁልጊዜ ሰማያዊ ነው።

ችግኝ አፍይው (ድሬዳዋ፣ ከዚራ)

ስመለስ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። መምህርት፣ ወላሂ እጅሽ ይባረክ። ሥራዬ ላይ የእያንዳንዱን ችግኝ እናት ለይቼ እመዘግባለሁ፤ እዚህ ግን ቀይ ሁሉ አንድ መስሎኝ ነበር። ድሮዎቹን 12 ነቅዬ ወደ ባሕሩ ዳር ወሰድኳቸው። አምስት አዲስ ቀይ አግኝቼ አምስት ቦታ ለየብቻ ተከልኳቸው፣ ስም የለጠፍኩባቸውም በደብተር ነው። አንደኛው ጥቁርና ነጭ ብቻ ወለደ። ሦስተኛው ትናንት ብርቱካናማ አወጣ! አራተኛው ዛሬ ጠዋት ቢጫ።

የሳቢያን ልጅ፣ እሁድ ከሰዓት ከ10 ሰዓት በኋላ ኑ፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል። የበሰለ ፓፓያ አለ። ማጠጫችሁን በደሴታችሁ እንዳትረሱት፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን ጎን ለጎን አድርጌ እጠብቃችኋለሁ።