የሳርኮልን መጠይቅ ወደ አማርኛ ለማምጣት የፖላንዶቹን መንገድ መከተል ብቻ ይበቃል?

ጠያቂ፦ ፊዚዮቴራፒስት ከቱሉ ዲምቱ
ጤና ይስጥልኝ። በአዲስ አበባ ዳርቻ በሚገኝ አንድ ክሊኒክ እሠራለሁ፤ ከሚመጡልኝ አረጋውያን ብዙዎቹ በዕድሜ ምክንያት ጡንቻቸው እየሳሳና እየደከመ የሄደ፣ ማለትም ሳርኮፔኒያ የሚጠረጠርባቸው ናቸው። ችግሩ በኑሯቸው ላይ ያደረሰውን ጫና ለመለካት፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ቤልጂየም ውስጥ በሊዬዥ በፈረንሳይኛ የተዘጋጀውን ሳርኮል (SarQoL) የተባለ የኑሮ ጥራት መጠይቅ ከባለቤቶቹ ፈቃድ ጠይቄ ወደ አማርኛ ለማምጣት አስቤያለሁ። መጠይቁ 22 ጥያቄዎችና በሥራቸው 55 ነጥቦች ያሉት ሲሆን ውጤቱ ከ0 እስከ 100 ይሰላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው፣ የፖላንዷ ከተማ የቢያሊስቶክ ባለሙያዎች የፖላንድኛ ሥራ ለእኔ ጥሩ አርአያ ይመስለኛል፤ የተለመደው ሂደትም ሁለት ሰዎች ለየብቻ ተርጉመው አንድ ካደረጉት በኋላ ዋናውን ያላዩ ሌሎች መልሰው እንዲተረጉሙት፣ የባለሙያዎች ጉባኤ እንዲመረምረውና በጥቂት አረጋውያን ላይ እንዲሞከር ይጠይቃል። ይህ ለእኛ ይበቃል ትላላችሁ? መጠይቁ ታካሚው ራሱ እንዲሞላው የተዘጋጀ ሆኖ ሳለ፣ የእኔ ታካሚዎች አብዛኞቹ ማንበብ አይችሉም።

መልስ፦ የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ፣ ሰበታ
ስለ ንባቡ አይጨነቁ፤ ለሁሉም በአንድ ዓይነት አኳኋን ይነበብላቸው፣ አንባቢው የሰለጠነ ይሁን፣ ልጅ ወይም ምራት አጠገብ አይቀመጥ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በሳርኮል ከአንዳንድ ጥያቄዎች ሥር «እንዲህ ያለ ሥራ አልሠራም» የሚል ምርጫ አለ፤ እኛ ዘንድ ግን አረጋዊ ሥራውን የሚተወው ጉልበቱ ስለከዳው ብቻ አይደለም። አንዲትን እናት «ጀሪካን ማንሣት ይከብድዎታል?» ብለው ቢጠይቋቸው፣ «ልጆቼ ቁጭ ብለው እኔ ላነሣ ነው እንዴ?» ብለው ሊቆጡ ይችላሉ። ይህ መልስ የልጆቹን አክብሮት እንጂ የእናትየውን ጡንቻ አይነግረንም። ስለዚህ በቅድመ ሙከራው ላይ መልሱን መዝግቦ ማለፍ አይበቃም፤ «ልጆቹ ባይኖሩስ?» እያሉ መልሱ ከየት እንደመጣ መመርመርና ያንን ለጉባኤው ማቅረብ ያስፈልጋል። የፖላንዱን ሂደት አልነቅፍም፤ ቅደም ተከተሉን ብቻ ወስዶ ይህንን መዝለል ግን አያዋጣም።

መልስ፦ ነርስ፣ ሱሉልታ
በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ጉባኤው ምሳሌ ሲለውጥ እጁን ይሰብስብ። ለምሳሌ ስግደትን ማስገባት ያጓጓል፤ ከመሬት ተነሥቶ መቆም የጭንን ኃይል በግልጽ ያሳያልና። ሆኖም የሁሉም ታካሚ ልማድ አይደለም፣ በሐኪም ምክር የተወውም አለ። ከመጠይቁ 55 ነጥቦች ላይ ከተጨመረ ወይም ከተቀነሰ ደግሞ ውጤቱን ከሌሎች አገሮች ጋር ማነጻጸር አይቻልም። ደረጃ መውጣትን በሚመለከት፣ ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖሩና መሬት ላይ ባለ ቤት የሚኖሩ ሰዎች እኩል ስለማይፈተኑ፣ መኖሪያቸውን ለብቻ መመዝገብ ይሻላል።

መልስ፦ የአረጋውያን ሕክምና ተማሪ
አስቀድሞ ሳርኮፔኒያ ያለበትንና የሌለበትን መለየት ግድ ነው፤ መጠይቁ ሁለቱን ወገኖች ካልለየ ዋጋ የለውም። የጡንቻ መጠን የሚለካ መሣሪያ ባይኖርዎትም፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው የአውሮፓውያን የሳርኮፔኒያ መመሪያ የመጨበጥ ኃይሉ ከ27 ኪሎ ግራም በታች የሆነን ወንድና ከ16 በታች የሆነችን ሴት «ሳይኖርባቸው አይቀርም» ይላል። የመጨበጥ ኃይል መለኪያውም ከሌለ፣ ከወንበር አምስት ጊዜ ተነሥቶ መቀመጥ ከ15 ሰከንድ በላይ መውሰዱ ያገለግላል። ልኮቹ ከእኛ ሕዝብ የተወሰዱ ስላልሆኑ በሪፖርትዎ ይግለጹት።

ሌላው፣ የመልሱን ጽናት ለማየት መጠይቁ በሁለት ሳምንት ልዩነት ይደገማል፤ ሐሳቡ በዚያ ጊዜ የሰውየው ጤና አይለወጥም የሚል ነው። አንዱ ዙር በቅበላ፣ ሌላው በሁዳዴ ውስጥ ከዋለ ምግቡም፣ የሚሰገደውም፣ ቆሞ የሚቆየውም ይለወጣል፤ ልዩነት ቢታይ ከመጠይቁ ይሁን ከጾሙ መለየት አይቻልም። ሁለቱንም ዙር ከፋሲካ በኋላ ቢያደርጉት ይሻላል።