ግልገል ዓባይ ዳር አድሮ ጎጆ የያዙ ዓሣ አጥማጅ ወፎችን ማንሣት

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ ወንድሞቼና እህቶቼ። ከወተት ዓባይ ከተማ በታች ወንዙ በቆረጠው የአፈር ገደል ላይ ዝንጉርጉር ጥቁርና ነጭ ዓሣ አጥማጅ ወፎች ጉድጓድ ምሰው ጎጆ ይዘዋል። በጥቅምት መጨረሻ ሦስት ሌሊት አድሬ ላነሣቸው አስቤአለሁ። ያለኝ 100–400 ሚሊሜትር ሌንስና ትራይፖድ ነው። ባለፈው 10 ሜትር ያህል ስጠጋ፣ አንዷ ዓሣ በአፏ እንደያዘች ጉድጓዷን ትታ ዞረች። ምን ላድርግ? ድንኳኑን ደግሞ ወንዙ ዳር ያለው ደልዳላ አሸዋ ላይ ልትከለው?

የቡሬው፦ ወንድሜ፣ በገደሉ አናት ላይ አትሂድ። ጉድጓዱ ወደ ውስጥ አንድ ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዘልቃል፤ አናቱ ሲረገጥ ጫጩቶቹ ላይ ሊደረመስ ይችላል። መደበቂያህን ከማዶ ወይም ከጎን ሥራ። አራት አጣና፣ ከፍታው 1.4 ሜትር፣ በጆንያ የተሸፈነ ይበቃል። የማዳበሪያ ከረጢት አትጠቀም፣ ያብረቀርቃል፣ ነፋስ ሲመታውም ይንኳኳል። ጆንያውን ግርጌው ላይ በድንጋይ አጥብቀው፤ የሚወዛወዝ ጨርቅ ወፏን ከሰው እኩል ያስፈራታል።

በአንድ ቀን አታስጠጋው። መጀመሪያ 40 ሜትር ላይ አቁመው፣ በማግስቱ 25፣ በሦስተኛው ቀን 15። ጊዜህ አጭር ስለሆነ፣ ሰው ካገኘህ ቀድሞ ያቁምልህ። ስትገባ አንድ ሰው አብሮህ ይምጣ፣ አንተ ስትቀር እሱ እያየችው ይመለስ፤ ወፍ ሰው ስለማትቆጥር ሁሉም የሄደ ይመስላታል።

አሁን ደግሞ ዋናው ነገር፦ ዓሣ ይዛ 15 ደቂቃ ሙሉ ካልገባች ወጥተህ ራቅ። አያያዟን ተመልከት። የዓሣው ጭንቅላት ወደ ውጭ ከዞረ ለጫጩት ወይም ለጓደኛዋ የያዘችው ነው፤ ወደ ጉሮሮዋ ከዞረ ራሷ ልትውጠው ነው። ጭንቅላቱ ወደ ውጭ ሆኖ ከጉድጓዱ ፊት የምትመላለስ ከሆነ የከለከልካት አንተ ነህ። ከሁለት በላይ ወፎች ለአንድ ጉድጓድ ሲመግቡ ብታይ አትገረም፣ ይረዳዳሉ።

የሰከላዋ፦ አሸዋው ላይ በፍጹም አትትከል! ዝናቡ ቢቀንስም ራስጌው ላይ አንድ ዶፍ ከጣለ፣ አንተ ያለህበት ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ ሌሊት ወንዙ ሊሞላ ይችላል። ቁጥቋጦው ላይ የተንጠለጠለውን የደረቀ ሣርና ገለባ እይ፤ ያለፈው ጎርፍ የደረሰው እዚያ ድረስ ነው። ከዚያ በላይ ውጣ። ማታ ውኃው ጠርዝ ላይ እንጨት ተክለህ ምልክት አድርግበት፤ ውኃው ሲደፈርስና ቅጠል ሲያንሳፍፍ ዕቃህን አንሣ። ወደ ጣና በቀረብክ መጠን ጉማሬም አለ፤ ሌሊት ወጥቶ ይግጣል፣ ሣሩን አስተኝቶ በሚሠራው ሰፊ መንገድ ላይ ድንኳን እንዳይሆን። ወቅቱ የወባ ነውና አጎበር ያዝ። ለመሬቱ ባለቤትና ለቀበሌው ቀድመህ ንገር።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልን። የካሜራውን ማስተካከያስ? ነጩ ሆዷ ፎቶው ላይ ወረቀት ይሆንብኛል።

የዳንግላው፦ ከኋላዋ ያለው አፈር ጥቁር ስለሆነ ካሜራው ቦታውን ጨለማ መስሎት ብርሃን ይጨምራል። በካሜራው የብርሃን ማካካሻ (exposure compensation) ከ0.7 እስከ 1 ቀንስ፣ በሮው (RAW፣ ካሜራው ሳያቀናብረው በሚያስቀምጠው ፋይል) አንሣ። ለበረራ ሻተር 1/2500 ሰከንድ፣ ለቆመች 1/640፤ አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ስሜት) አውቶ አድርገህ ጣሪያውን 3200 ላይ ወስን። በ15 ሜትር በ400 የፎቶውን ከፍታ ሩብ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ትይዛለች፣ ይበቃል።

ጉድጓዱ ፊት ስትገባ ከመጠበቅ ይልቅ፣ ወፎቹ በሌሉበት ሰዓት ከጉድጓዱ በስተጎን 4 ሜትር ያህል ርቀህ ደረቅ ቅርንጫፍ አሸዋው ላይ ትከል። ከመግባቷ በፊት እዚያ ላይ አርፋ ዓሣውን ስትደበድብ ልታገኛት ትችላለህ። ጎጆ ለማጋለጥ ግን አንድም ቅርንጫፍ አትቁረጥ፤ ቁራና ጦጣ ይከተሉሃል።

ገደሉ ወደ ምሥራቅ ከዞረ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት አንሣ፤ ወደ ምዕራብ ከሆነ ጠዋት ተኛ፣ ከ9 ሰዓት ተኩል በኋላ ና። ቀትር ላይ የአሸዋው ሙቀት አየሩን ስለሚያርገበግብ የትኩረት ነጥቡ ልክ ሆኖ እንኳ ፎቶው ይለሰልሳል። ከድንኳኑ የወጣ ሌንስ ላብ ከያዘ በጨርቅ አትጥረገው፣ ቦርሳው ውስጥ 20 ደቂቃ ቆይቶ ይላመድ።

ጠያቂ፦ ገደሉ ወደ ምሥራቅ ነው። ጆንያውን ነገ ማሰፋት እጀምራለሁ።

የቡሬው፦ እንግዲያው የሌንሱን ቀዳዳ ከመቀመጫህ ዐይን ከፍታ ጋር ለክተህ አስወጋው፣ ዙሪያውን ተጨማሪ ጨርቅ አንጠልጥልበት፤ ሌንሱ ሲዞር ቀዳዳው እንዳይከፈት።