የኔዘርላንድ ሠዓሊዎች የሳሉት በረዶ እውነት ነበር?

የፒያሳ ልጅ፦ ሰላም ቤተሰብ። እዚሁ ጎንደር ቡና የምጠጣበት ቤት ግድግዳ ላይ አንድ የታተመ ሥዕል አለ። ሦስት አዳኞች ከውሾቻቸው ጋር አንገታቸውን ደፍተው በረዶ ላይ ይሄዳሉ። ከታች ኩሬው እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ሰው ይንሸራተትበታል። ብሩግል በፈረንጆች 1565 የሳለው ነው አሉኝ። እኔ የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ እያንጋጠጥኩ ነው ያደግኩት፣ እዚያ መላእክት እንጂ ብርድና ዝናብ የለም። ያ ሁሉ ብርድ በእርግጥ ነበር ወይስ ሠዓሊው ከሐሳቡ ያመጣው ነው?

ታሪክ ወዳድ፦ ብርዱማ ነበር። ያኔ አውሮፓ "ትንሹ የበረዶ ዘመን" የሚሉት፣ አየሩ ለጥቂት ክፍለ ዘመናት የቀዘቀዘበት ጊዜ ውስጥ ነበረች፣ የ1564/65 ክረምታቸውም በጣም የከፋ ነበር። አዳኞቹን ልብ ብለህ እያቸው። ያን ሁሉ ውሻ አስከትለው ወጥተው የያዙት አንዲት ቀበሮ ብቻ ነው። የወፍጮው መዘውር እንኳ በረዶ ይዞት ቆሟል። ይሄ ብርድ ያየ ሰው ሥራ ነው።

አዘዞ፦ ልክ ነህ ወንድሜ፣ ግን ተራሮቹስ? ብሩግል የኖረበት አገር እንዲህ ያለ ገደል የለውም። ጣሊያን ሲሄድ ያያቸውን የአልፕስ ተራሮች ነው አምጥቶ የተከለው፣ አንተ የሰሜንን ተራሮች ጎርጎራ ላይ ጣና ዳር እንደምታቆመው ማለት ነው። ከሱ በኋላ የመጣው ሆላንዳዊው አቨርካምፕ ደግሞ መናገር የማይችል ሰው ነበር፣ ብዙ ዕድሜውን በረዶ ላይ የሚጫወት ሰው ሲስል ኖረ። ንድፎቹን አስቀምጦ ቤቱ ሆኖ ስለሚያቀናብር ያንኑ ሰውዬ ሌላ ሥዕል ላይ ደግመህ ታገኘዋለህ። ገዢም ነበረው። ስለዚህ ሥዕል ቆጥሮ ብርድ መለካት አያዋጣም። ለዚያ በሆላንድ ቦዮች ላይ ሰው ያመላልሱ የነበሩት ጀልባዎች መዝገብ ይሻላል፣ ውሃው ረግቶ ጀልባ የቆመበት ቀን ተጽፎ ስለቀረ ተመራማሪዎች ከ1630ዎቹ ወዲህ ያለውን ክረምት ያሰሉት ከሱ ነው።

ቲቸር፦ አንድ ነገር ልጨምር። "ክረምት" ስንል ተማሪዎቼ የሚያስቡት ሐምሌና ነሐሴን ነው፣ ጭቃና ጎርፍ። የነሱ ክረምት ግን እኛ ጥምቀትን የምናከብርበት ወቅት ነው። በረዶ ስንልም የምናውቀው ቆርቆሮ የሚደበድበውን ነው፣ የነሱ ድምፅ የለውም። ሥዕሉን ክፍል ውስጥ ሳሳይ አንዱ ልጅ "ይሄ ሁሉ ሲወርድ ሰዎቹ ለምን አልተጠለሉም?" አለኝ። ስለዚህ ሥዕሉን ለሌላ ሰው የማስረዳ ብሆን መጀመሪያ ከእነዚህ ሁለት ቃላት ትርጉም እጀምር ነበር።

የፒያሳ ልጅ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ተመልሼ አየሁት። እውነትም አንዲት ቀበሮ፣ አዳኙ ትከሻ ላይ ካለው ዘንግ ተንጠልጥላለች፣ ከሲታ ነገር ናት።