በአርቪ የኦሪገንን ባህር ዳር ከቡቺና ከእናቴ ጋር፣ የሄደ ሰው ካለ ምክር ፈልጌ ነበር

ሲያትሏ፦
ሰላም እንዴት ናችሁ። ኦገስት አጋማሽ ላይ አርቪ (መኝታና ማብሰያ ያለው መኪና) ተከራይተን ከሲያትል ተነስተን በዋን ኦ ዋን አውራ ጎዳና የባህሩን ዳር ይዘን ቁልቁል ልንወርድ አስበናል። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆች፣ ውሻችን ቡቺ (ላብራዶር ቅልቅል ነው፣ 30 ኪሎ ገደማ) እና ዘንድሮ ከአዲስ አበባ የመጣችው እናቴ። ባለቤቴ ሳንፍራንሲስኮ ካልደረስን ይላል፣ ያለን ግን 8 ቀን ብቻ ነው። ቡቺን ማቆያ መስጠት አልፈልግም፣ አምና ለ5 ቀን አንድ ቦታ ትተነው ሄደን ስንመለስ ከስቶ፣ ከጩኸት ብዛት ድምፁ ተዘግቶ ነው ያገኘነው፣ ልጆቹም ያለሱ አንሄድም ብለው ቁርጡን ነግረውናል።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ ውሻ ይዞ ለሚሄድ ሰው ኦሪገን ነው የሚሻለው ካሊፎርኒያ? ሁለተኛው እናቴ ናት። እሷ ውሻ የምታውቀው በር ላይ ታስሮ ሌባ የሚጠብቅ ነው፣ ቡቺ ሳሎን ውስጥ ሲያልፍ ነጠላዋን ሰብሰብ አርጋ ነው የምትቀመጠው፣ ጸሎት ላይ ሆና ከገባማ በጣም ነው የሚከፋት። ለልጆቹ ስትል ልትለምደው ስትሞክር አያታለሁ፣ ግን ቤት ውስጥ ክፍሏን ዘግታ መተኛት ትችላለች፣ አርቪ ውስጥ ስድስት ሰውና አንድ ውሻ እንዴት ነው የሚሆነው? ፍልሰታም ገብቷል፣ ትጾማለች። ትቻት ደሞ አልሄድም፣ ውቅያኖስ በዓይኗ አይታ አታውቅም።

ፖርትላንድ_ነኝ፦
እህቴ ኦሪገን ላይ ቅሩ፣ ባልሽንም እኔ ልለምንልሽ። እኛ ከሁለት ዓመት በፊት እንደናንተው እስከ ታች እንውረድ ብለን ካሊፎርኒያ ስንገባ ያ ሁሉ ሰው የሚያወራለት የሬድዉድ ጫካ (የግዙፎቹ ዛፎች ፓርክ) ደረስን፣ ለካ በእግር መንገዶቹ ውሻ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ካምፕ ግራውንዱ፣ የመኪና መንገዱና አንዳንድ ባህር ዳር ላይ ብቻ ነው በማሰሪያ የሚፈቀደው። ስለዚ አንዳችን ፓርኪንግ ላይ ከውሻው ጋር ስንቀመጥ አንዳችን ልጆቹን ይዘን እየገባን በተራ በተራ አየነው፣ ቤተሰቡ አንድ ላይ ሆኖ ያየው ዛፍ ቢኖር መንገድ ዳር ያለውን ነው። ከዛም ወደታች ብዙዎቹ የካሊፎርኒያ ስቴት ፓርኮች የእግር መንገዳቸው ላይ ውሻ አያስገቡም።

ኦሪገን ግን ሌላ ነው። በ1967 የወጣ ሕግ አለ፣ ገዢው ቶም ማኮል የፈረሙት፣ ባህር ዳሩ የሕዝብ ነው፣ ሆቴል ያለው ሰውም ቢሆን አሸዋውን አጥሮ የኔ ነው ማለት አይችልም፣ ውሻም ከጥቂት ቦታ በስተቀር አብሮሽ ይሄዳል። ጥቂት ያልኩት ምንድነው፣ ስኖዊ ፕሎቨር የምትባል ትንሽዬ ወፍ አለች፣ ዛፍ ላይ ጎጆ አትሠራም፣ ደረቁን አሸዋ ጫር ጫር አርጋ እንቁላሏን እዛው ነው የምትጥለው፣ ውሻ ካየች ደንግጣ ትሸሻለች እንቁላሉ ሜዳ ላይ ይቀራል። ስለዚ እሷ የምትፈለፍልባቸው ቦታዎች ላይ ከማርች 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ውሻ በማሰሪያም ቢሆን አይገባም። ምልክት ተተክሏል፣ እናንተ የምትሄዱት ደሞ በዛው ጊዜ ነው፣ እባካችሁ አክብሩት።

ከአስቶሪያ እስከ ብሩኪንግስ የኦሪገን ዳርቻ ብቻውን 363 ማይል ነው፣ መንገዱ ጥምዝምዝ ነው፣ በየከተማው መሀል ያልፋል፣ በአርቪ አትሮጡበትም። እኔ ብሆን በአስቶሪያ ገብቼ ፎርት ስቲቨንስ የሚባለው ስቴት ፓርክ ሁለት ሌሊት አድር ነበር። እዛ ፒተር አይሬዴል የሚባል መርከብ አለ፣ በ1906 አሸዋ ላይ ወጥቶ የቀረ፣ አጥንቱ እስካሁን ዝጎ ቆሟል፣ ባህሩ ሲሸሽ ልጆቹ በእጃቸው ይነኩታል። ከዛ ካነን ቢች፣ ሄይስታክ ሮክ 235 ጫማ የሚረዝም አንድ ድንጋይ ነው፣ እዛ አካባቢ ቡቺ ይታሰር ወፎች አሉ። ከዛ ኒውፖርት፣ ያሃትስ፣ ፍሎረንስ። ፍሎረንስ ጋ ሆኒማን ፓርክ እደሩ፣ የአሸዋው ተራራ ቀጥ ብሎ ሐይቅ ውስጥ ነው የሚወርደው፣ የኔ ልጆች ከላይ እየተንከባለሉ ውሃው ውስጥ ሲገቡ ውለው ጆሯቸው ውስጥ ያለው አሸዋ ሳምንት አልወጣም። ከዛ በዩጂን አድርጋችሁ በአይ ፋይቭ፣ በውስጥ በኩል በሚሄደው አውራ ጎዳና፣ ወደ ቤት።

ስቴት ፓርኮቹ የማደሪያ ቦታ ማስያዝ የሚጀምሩት 6 ወር ቀድመው ስለሆነ ለኦገስት አሁን ዘግይታችኋል፣ ግን የሚሰርዝ ሰው አይጠፋም፣ ጠዋትና ማታ ዌብሳይቱን እዪ፣ ቅዳሜና እሁድን ተዪው ከሰኞ እስከ ሐሙስ ሞክሪ። ለእናትሽ ጋቢ ያዢ፣ ኦገስት ነው እንዳትሉ፣ ንፋሱ አጥንት ነው የሚገባው።

ሹፌሩ፦
እሷ ያለችው ልክ ነው፣ እኔ ስለ መኪናው ልጨምር። ቡቺ መኪናው ሲሄድ ወለሉ ላይ ልቅ መሆን የለበትም፣ 30 ኪሎ ውሻ ፍሬን ሲያዝ ወደፊት ሲወረወር ራሱንም ሰውንም ይጎዳል፣ ሃርነስ (ደረቱ ላይ የሚታሰር ቀበቶ) አልብሱትና ከመቀመጫ ቀበቶ ጋር እሰሩት። ልጆቹም እንደዛው፣ መኪናው እየሄደ ላይኛው አልጋ ላይ መተኛት የለም። የአርቪ መውጫ ደረጃ ደሞ ብዙ ጊዜ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ብረት ነው፣ የኛ ውሻ የመጀመሪያ ቀን እግሯን አሳርፋ መሬቱ በስር ሲታያት አልወጣም ብላ ተዘረጋች፣ ተሸክሜ ነው ያስገባኋት። ቁራጭ ምንጣፍ ደረጃው ላይ በገመድ አሰርኩላት፣ ከዛ በኋላ ራሷ እየዘለለች ትገባ ጀመር።

በአይ ፋይቭ ስትመለሱ ሌላ አገር በሉት፣ ባህር ዳር 65 ዲግሪ ፋራናይት ሆኖ ወደ ውስጥ 95 ሊሆን ይችላል። ኤሲ በርቷል ብላችሁ ቡቺን ቆልፋችሁ ምሳ እንዳትገቡ፣ ጄኔሬተሩ አንዴ ቢጠፋ አርቪው ምድጃ ነው የሚሆነው።

እና ይሄን በደንብ አንብቡልኝ። እማማ ቡና ማፍላታቸው አይቀርም። ከሰል አርቪ ውስጥ በፍጹም እንዳይቀጣጠል፣ ለጀበናም ለዕጣንም። የከሰል ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ያን በምታክል ጠባብ ክፍል ውስጥ ሰው በተኛበት ነው የሚቀረው። ጀበናውን ምድጃው ላይ መስኮት ከፍታችሁ አፍሉት፣ ዕጣኑን ውጪ ካምፑ ጠረጴዛ ላይ አጭሱላቸው።

ታኮማ፦
ማንም ያላነሳውን ልናገር፣ ጥሬ ሳልሞን። የኛ ውሻ አንድ ወንዝ ባህር የሚገባበት ቦታ ላይ ዓሣ አጥማጅ የጣለውን የሳልሞን ቆዳ ከአፉ ሳልነጥቀው ዋጠው፣ ምንም አልመሰለኝም። በ6ኛው ቀን ምግብ እምቢ አለ፣ ሰውነቱ እሳት ሆነ፣ አስመለሰው፣ አንገቱ ስር እንደ ሎሚ አበጠ። የእንስሳት ሐኪሟ ገና ሳትነካው ጥሬ ዓሣ በልቷል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ለካ በኛ አካባቢ ወንዞች ሳልሞንና ትራውት ውስጥ ትንሽዬ ትል አለች፣ ትሏ ውስጥ ደሞ ውሻን የሚያሳምም ባክቴሪያ፣ ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል። ዶክሲሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክ ሰጥታው ነው የተረፈልን። የበሰለ ችግር የለውም። ክፋቱ ምልክቱ የሚመጣው ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው፣ ቤት ከተመለሳችሁ በኋላ ስለሆነ ከጉዞው ጋር አታገናኙትም። ኦሪገን ነበርን፣ ዓሣ በልቶ ይሆናል በዪ ለሐኪሙ።

አያቴ_ያሳደገችኝ፦
የእናትሽ ነገር ልቤን ነካው፣ የኔም እናት እንደዛው ነበሩ። እኛ ያደረግነው፣ የኋላውን ክፍል ለሳቸው ሰጠናቸው፣ በር ወይ መጋረጃ አለው፣ እናንተ ከሹፌሩ በላይ ያለው አልጋ ላይ፣ ልጆቹ ጠረጴዛው ታጥፎ አልጋ በሚሆነው ላይ፣ ቡቺ ደሞ ከፊት መግቢያው በር ሥር። ጠዋት ጸሎት የሚያደርጉበትን ሰዓት ጠይቂያቸውና ልክ በዛ ሰዓት ቡቺን ባህር ዳር ይዞት የሚወጣ ሰው ይኑር፣ ቃል ግቡላቸው፣ አንድ ቀንም እንዳታጓድሉ። የኔ እናት ሦስተኛው ቀን ላይ ራሳቸው፣ ገና ሳንጠይቃቸው፣ ጨርሻለሁ አስገቡት ብርድ ነው ብለው ጠሩን።

አንድ ነገር ግን አስጠንቅቂያቸው። አዝነው ጉርሻ መስጠታቸው አይቀርም፣ የኛ ወጥ ሁሉ ሽንኩርት ነው፣ ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻ ደም ነው የሚያበላሸው፣ ሽሮም ቢሆን የበሰለም ቢሆን። ደረቅ እንጀራ ጣል ቢያደርጉለት ምንም አይደለም። ለራሳቸው ድርቆሽ፣ በሶና ቆሎ ከያዛችሁ ፍልሰታም አያስቸግርም።

ውሃው ጫፍ ላይ ደሞ ጀርባቸውን ለባህሩ አይስጡ፣ አንቺም አጠገባቸው ሁኚ። እዛ ድንገት ከሌላው ሁሉ ርቆ የሚመጣ ሞገድ አለ፣ ውሃ ዳር የወደቀ ግንድ ላይ አትቀመጡ፣ ሞገዱ ያን የሚያክል ግንድ ገልብጦ ሰው ላይ ይጥላል። ቡቺን ውሃው ቢወስደው ማንም ተከትሎት አይግባ፣ ብዙ ጊዜ ውሻው ራሱ ዋኝቶ ይወጣል፣ የሚቀረው ሰውየው ነው። ለልጆቹ ከመሄዳችሁ በፊት ንገሪያቸው።

ሲያትሏ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ሁሉንም ለባለቤቴ አስነበብኩት፣ ሳንፍራንሲስኮ ቀረ። ሆኒማን ከሰኞ እስከ ረቡዕ ኤሌክትሪክ ያለው አንድ ቦታ ተገኝቶ አሁን ከፈልኩ። የሽንኩርቱን ነገር ጭራሽ አላውቅም ነበር፣ ልጆቹ ሳህናቸውን ያስልሱት ነበር እኮ፣ ከዛሬ ጀምሮ ቆሟል።

ለእናቴም የመኝታውን ነገር ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና ውሻው በሩ ሥር ነው የሚተኛው? አለችኝ። አዎ ስላት፣ እንደሱ ከሆነ ጥሩ፣ ጫካ ውስጥ አይደል የምናድረው፣ ይጠብቀናል አለች።

ፎርት ስቲቨንስ የሚሰርዝ ሰው የምታውቁ ካላችሁ በናታችሁ ጠቁሙኝ፣ ሁለት ሌሊት ብቻ ነው የምፈልገው።