ለአራት ሰው ቢሮ የሚከፈልበት ኢሜይል፦ በዓመት ከ100 ዶላር ሳያልፍ የቱ ያዋጣል?

የጅማ በርጩማ (ጠያቂ)
ሰላም ለዚህ ቤት። ጅማ ፈረንጅ አራዳ ያለ አነስተኛ የቡና ላኪ ቢሮ ጸሐፊ ነኝ። ኢሜይል የሚጠቀመው አራት ሰው ነው፦ ሥራ አስኪያጁ፣ ሽያጭ፣ ሰነድና ሂሳብ። የራሳችን ዶት ኮም ዶሜን (የድረ ገጽና የኢሜይል አድራሻ ስም) አለን። አሁን ያለው ኢሜይል ከድረ ገጹ ኪራይ ጋር በነፃ የመጣ ነው። ለውጭ ገዢ የምንልከው ኮንትራት ስፓም ውስጥ ይገባል፤ ቦታውም ለአንድ ሰው 1 ጊጋ ብቻ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ይሞላል። የተፈቀደልን በዓመት 100 ዶላር ነው፣ የሚከፈለውም ከባንክ በወጣ የዶላር ካርድ። አንዱ ጎግል ይላል፣ ሌላው ዞሆ። የድሮዎቹ ደብዳቤዎች ደግሞ መጥፋት የለባቸውም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ኬብል ጎታች
ስፓሙ የሚመጣው ከጽሑፋችሁ አይደለም። ከድረ ገጽ ኪራይ ጋር የሚሰጥ ኢሜይል ብዙ ደንበኛ በአንድ አይፒ አድራሻ (የሰርቨሩ የኢንተርኔት ቁጥር) ነው የሚልከው። ከመሀላቸው አንዱ ማስታወቂያ ሲረጭ አይፒው ጥቁር መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ የእናንተም ኮንትራት አብሮ ይቀጣል። ስለዚህ መክፈሉ ተገቢ ነው።

አሁን ሂሳቡን እንይ። የጎግል ዎርክስፔስና የማይክሮሶፍት 365 ትንሹ የቢዝነስ ጥቅል የዓመት ውል ተገብቶም በሰው በወር ከ6 እስከ 7 ዶላር አካባቢ ነው። ለአራት ሰው በዓመት ከ288 እስከ 336 ዶላር። በጀታችሁ አይነካቸውም፣ ስለዚህ ክርክሩ እዚህ ላይ ያበቃል። ዞሆ ሜይል ላይት ለዓመት ሲከፈል በሰው በወር 1 ዶላር፣ ቦታው 5 ጊጋ፤ ለአራት ሰው 48 ዶላር። 10 ጊጋ የሚሰጠው 1.25 ስለሆነ 60 ዶላር ይመጣል። የዶሜን እድሳት ቢጨመርበት እንኳ ከ100 ይተርፋል።

እኔ ብሆን 10 ጊጋውን ነው የምይዘው። የመጫኛ ሰነድ፣ የጥራት ሰርተፍኬትና ኢንቮይስ በከለር ስካን የሚልክ ቢሮ 5 ጊጋን ለመሙላት ብዙ አይፈጅበትም። አታች የተደረገ ፋይል ለመላክ ሲቀየር ከመጠኑ በሲሶ ገደማ ይጨምራል፣ የተላከው ኮፒም ከቦታችሁ ላይ ይቆጠራል። የመላኪያ ጣሪያው 25 ሜጋ ነው የተባለ አገልግሎት ከዚያ ያነሰ ፋይልም ሊመልስ የሚችለው በዚሁ ምክንያት ነው። ስካነሩን 200 ዲፒአይ ግራጫ ላይ አድርጉት፤ ማህተሙም ፊርማውም በደንብ ይነበባል።

አዌቱ ዳር
በአካውንት ብዛት የማያስከፍልም አለ። ሚጋዱ የሚባለው የስዊዘርላንድ አገልግሎት ትንሹ ጥቅሉ በዓመት 19 ዶላር ነው፣ የፈለጋችሁትን ያህል አድራሻ ትከፍታላችሁ። ግን በቀን የሚላከው 20፣ የሚገባው 200 መልእክት ነው፤ ያውም ለመላው ቢሮ። አራት ሰው ናሙና በሚላክበት ሳምንት 20ውን ከምሳ በፊት ይጨርሰዋል። ቀጣዩ ጥቅል 90 ዶላር ስለሆነ ለእናንተ ከዞሆ አይረክስም። ደብዳቤ ለማይበዛበት ማኅበር ወይም ለአንድ ሰው ሱቅ ግን ግሩም ነው።

ፕሮቶንን የሚያነሳ አይጠፋም። ኢንክሪፕሽኑ (ምስጠራው) በራሱ ሙሉ የሚሆነው ተቀባዩም ፕሮቶን ሲጠቀም ነው፤ ገዢዎቻችሁ ጂሜይልና አውትሉክ ላይ ከሆኑ ያ ጥቅም የለም። ኮምፒውተር ላይ በአውትሉክ ወይም በተንደርበርድ ለመክፈትም ብሪጅ የሚባል ተጨማሪ ፕሮግራም መጫን አለባችሁ።

የጅማ በርጩማ (ጠያቂ)
ገለቶማ። ዞሆ እስከ አምስት ሰው ነፃ አለው ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ታዲያ ለምን እንከፍላለን? አንድ ባለሙያ ደግሞ ቢሮው ውስጥ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ የራሳችሁን ሰርቨር ልትከልላችሁ ብሎናል።

ኬብል ጎታች
ነፃው አይማፕ (ደብዳቤን ከሰርቨሩ ጋር እያመሳሰለ በአውትሉክ ወይም በተንደርበርድ የሚያስከፍት መንገድ) የለውም። በብራውዘርና በራሱ አፕ ብቻ ነው የሚከፈተው። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ሂሳብ ሹሙ የትናንቱን ኢንቮይስ ከተንደርበርድ ከፍቶ ማየት አይችልም ማለት ነው። የድሮ ደብዳቤ ለማዛወርም ወደፊት ለመውጣትም መንገዱ አይማፕ ነው። ለ60 ዶላር ብላችሁ በሩን አትዝጉት።

ፖርት 25
የቢሮ ሰርቨሩን ነገር እርሱት። መብራት ሲጠፋ ደብዳቤው ወዲያው አይጠፋም፣ ላኪው ሰርቨር ለቀናት ደጋግሞ ይሞክራል። የሚያስቸግረው መላኩ ነው። ፖርት 25 (ሰርቨሮች ደብዳቤ የሚለዋወጡበት በር) ክፍት መሆን አለበት፣ ቋሚ አይፒ ያስፈልጋል፣ ለአይፒው የተገላቢጦሽ ዲኤንኤስ (ከቁጥሩ ወደ ስሙ የሚመራ መዝገብ) መመዝገብ አለበት። ይህ ሁሉ ተሟልቶም ጂሜይል አዲስ አይፒን በጥርጣሬ ነው የሚያየው። ከስፓም ሸሽታችሁ ወደ ባሰ ስፓም ትገባላችሁ።

ሂሳብ ሹም
ክፍያው ላይ ልጨምር፣ ብዙ ቢሮ የሚወድቀው እዚህ ነው። በየወሩ አትክፈሉ፣ የዓመቱን በአንዴ ጨርሱ። የወር ክፍያ ሲሆን ካርዱ ላይ 2 ዶላር በጎደለች ቀን አገልግሎቱ ይታገዳል፣ ያ ቀን ደግሞ ሰነድ የሚላክበት ቀን ይሆናል። ከመክፈላችሁ በፊት ባንኩን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ካርዱ ለኢንተርኔት ግዢ ተከፍቷል ወይ? የማረጋገጫ ኮዱ የሚመጣው በየትኛው ስልክ ነው? ኮዱ ወደ ሥራ አስኪያጁ ስልክ የሚመጣ ከሆነ እሳቸው ማሳ ላይ እያሉ ክፍያ አትጀምሩ። ከዋጋው ላይ ጥቂት ዶላር ትርፍ ይኑር። ሲሞላ የካርዱ ስም ካርዱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይሁን፣ አገሩ ኢትዮጵያ ይባል።

ሌላ ቁጠባ፦ ሰው ያልተመደበበት አድራሻ አካውንት አያስፈልገውም። «ኢንፎ» እና «ሴልስ» የመሳሰሉትን አሊያስ (ወደ ነባር ሳጥን የሚገባ ተጨማሪ አድራሻ) አድርጋችሁ በነባሮቹ አካውንቶች ላይ ስቀሏቸው፣ አሊያስ ክፍያ የለውም።

አዌቱ ዳር
እህቴ፣ አገልግሎት መምረጡ ቀላሉ ክፍል ነው። ዶሜኑ በማን ስም ነው የተመዘገበው? ድረ ገጹን የሠራው ልጅ በራሱ ስም ይዞት ከሆነ ምንም ከመክፈልሽ በፊት ወደ ድርጅቱ አዙሪው። ኢሜይል አቅራቢ ነገ ይቀየራል፣ ዶሜኑ ከሄደ ግን አድራሻችሁ በሙሉ ሄደ። የዶሜኑ አካውንት የተመዘገበበት ኢሜይልም በዚያው ዶሜን ላይ ያለ አድራሻ አይሁን። ዶሜኑ ቢቃጠል የእድሳት ማስጠንቀቂያውም የፓስዎርድ መቀየሪያውም የሚመጣው ወደ ሞተው ሳጥን ነው። ለዚህ አንድ ጂሜይል ለብቻው ያዢ።

ፖርት 25
አሁን ዲኤንኤሱ፣ ማለትም የዶሜኑ መዝገብ። አራት ነገር ታስገቢያለሽ፦ ኤምኤክስ (ደብዳቤ የሚገባበት ሰርቨር)፣ ኤስፒኤፍ (በስማችሁ መላክ የተፈቀደለት ሰርቨር)፣ ዲኪም (የደብዳቤው ዲጂታል ፊርማ ቁልፍ) እና ዲማርክ (ፈተናውን ያላለፈ ደብዳቤ ምን ይደረግ የሚል መመሪያ)። ጂሜይልና ያሁ ከየካቲት 2024 (በፈረንጆች) ወዲህ ማረጋገጫ በሌለው ደብዳቤ ላይ ጠብቀዋል፣ ስለዚህ አንዱም አይዘለል። በተለምዶ የሚበላሹት እነዚህ ናቸው።

የድሮው ኤምኤክስ ሳይጠፋ አዲሱ ይጨመራል። ያኔ ደብዳቤው ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ ይገባል። የድሮውን ደምስሺ።

ኤስፒኤፍ ሁለት ይሆናል። ለአንድ ዶሜን አንድ መስመር ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ ሁለት ካገኘ ተቀባዩ ስህተት ነው ብሎ ሁለቱንም ይጥላል። የድሮውን አጥፍተሽ በአዲሱ ተኪ፣ ሁለቱም ካስፈለጉ በአንድ መስመር አዋህጂ።

ዲኪም ይቆረጣል። የ2048 ቢት ቁልፍ ከ255 ፊደል ይበልጣል፣ አንዳንድ የዶሜን ገጽ ደግሞ ትርፉን ዝም ብሎ ይበላዋል። ካስገባሽ በኋላ መጨረሻውን ከዋናው ጋር አስተያዪ። እምቢ ካለ 1024 ቁልፍ አውጪ።

የስም ሳጥኑ ይደገማል። ብዙ ገጽ የዶሜኑን ስም ራሱ ይጨምራል። አንቺ ሙሉውን ከጻፍሽ ዶሜኑ ሁለቴ ይሆናል፣ ማረጋገጫውም ለሳምንት «አልተገኘም» ይላል። የፊተኛውን ክፍል ብቻ ጻፊ።

ዞሆ ላይ ለየት የሚለው ደግሞ አካውንቱ በተከፈተበት ክልል የሰርቨሩ ስም መለያየቱ ነው። ከዩቲዩብ ቪዲዮ ላይ አትገልብጪ፣ ከራስሽ የአስተዳደር ገጽ ቅጂ። የድርጅት አካውንት የአይማፕ ስም «ፕሮ» የሚል ቅጥያ አለው፤ እሱን መርሳት ነው ፓስዎርዱ ልክ ሆኖ «ስህተት» የሚያስብለው። ፖርቱ ለመቀበል 993፣ ለመላክ 465 ነው።

ዲማርክን በ«ነን» (ምንም አታድርግ) ጀምሪ። ሁሉም ካለፈ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወደ «ኳራንቲን» (ስፓም ውስጥ አስገባ)። ለመፈተሽ ወደ አንድ ጂሜይል ላኪ፣ ኮምፒውተር ላይ ደብዳቤውን ክፈቺ፣ ከሦስቱ ነጥብ «ሾው ኦሪጂናል» የሚለውን ተጫኚ። ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም፣ ዲማርክ ሦስቱም ጎን «ፓስ» ማለት አለበት።

ኬብል ጎታች
ማዛወሩን በዚህ ቅደም ተከተል ሥሪው። አራቱንም አካውንት መጀመሪያ አዲሱ አገልግሎት ላይ ክፈቺ። ኤምኤክስ ከመቀየሩ አንድ ቀን አስቀድመሽ ቲቲኤሉን (ሌሎች ሰርቨሮች የድሮውን መዝገብ ይዘው የሚቆዩበትን ጊዜ) 300 ሴኮንድ አድርጊ። ቅዳሜ ከሰዓት ቀይሪ፣ ገዢዎቹ ቢሮ የማይገቡበት ነው። ከዚያ የድሮውን በአይማፕ አስመጪ፤ ዞሆ የራሱ ማዛወሪያ ስላለው ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ነው የሚሄደው፣ የቢሮውን ዳታ አይበላም።

አንድ ነገር አጣሪ፦ የአንዱ ኮምፒውተር በፖፕ (ደብዳቤን ወደ ኮምፒውተሩ የሚያወርድ መንገድ) የተገናኘ ከሆነ ደብዳቤው ከሰርቨሩ ወርዶ እዚያ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል። ያኔ ማዛወሪያው አያገኘውም። አዲሱን አካውንት በአይማፕ እዚያው ላይ ጨምሪና ፎልደሩን በማውስ ጎትተሽ ወደ አዲሱ አስገቢው፣ ማታ ላይ ይሻላል። የድሮውን ኪራይ ለአንድ ወር አታቋርጪ።

ሂሳብ ሹም
ቡና ላኪ ከሆናችሁ ይህን ልበል። ሌባው የሚፈልገው ስለ ኢንቮይሱ የተጻጻፋችሁትን ነው። ገብቶ ያነባል፣ ገንዘቡ ሊከፈል ሲል «የባንክ ሂሳባችን ተቀይሯል» ብሎ በሚመሳሰል ዶሜን ለገዢው ይጽፋል። በላቲኑ «አር» እና «ኤን» ተጣብቀው «ኤም» ይመስላሉ፣ ማንም አያስተውለውም። ዲማርክ የሚከለክለው በራሳችሁ ዶሜን የሚላከውን ነው፣ የሚመሳሰለውን አይደለም። ስለዚህ ኮንትራቱ ላይ «የሂሳብ ቁጥር ለውጥ በዚህ ስልክ ካልተረጋገጠ አይጸናም» የሚል መስመር አስገቡ። አራቱም አካውንት ላይ ሁለተኛ ማረጋገጫ በአፕ ይብራ፣ የመጠባበቂያ ኮዶቹ ታትመው ካዝና ይግቡ።

የጅማ በርጩማ (ጠያቂ)
ዞሆ 10 ጊጋ ተከፈለ፣ ኤምኤክስ ተቀየረ፣ ፈተናው ሦስቱንም «ፓስ» አለ። አንድ ቀረኝ፦ ድረ ገጹ ላይ ገዢ የሚሞላው ቅጽ ወደ አዲሱ ኢሜይል አይደርስም፣ ከሌላ ቦታ የሚላክ ግን ይደርሳል።

ፖርት 25
ድረ ገጹ ያለበት ሰርቨር አሁንም ኢሜይሉ እኔ ጋ ነው ብሎ ያምናል፣ ኤምኤክሱን ሳይጠይቅ በራሱ የድሮ ሳጥን ውስጥ ይከተዋል። የድረ ገጹ ኪራይ መቆጣጠሪያ ሲፓነል ከሆነ «ኢሜይል ራውቲንግ» ግቢና «ሎካል» የሚለውን ወደ «ሪሞት ሜይል ኤክስቼንጀር» ቀይሪ። ከዚያ የድሮውን ሳጥን በዌብሜይል ክፈቺ፣ ከቅዳሜ ጀምሮ የተሞሉት ቅጾች እዚያ ተቀምጠዋል።